ከውጭ ሆኖ መሐል አዲስ አበባ ላይ፦ ቤት ገዝቶ ማከራየት ወይስ ንግድ መክፈት?

ከዋሽንግተን፣ ከሪያድ ወይም ከስቶክሆልም ገንዘብ ቋጥሮ ወደ አዲስ አበባ የሚመለከት ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «የቱ ያዋጣል?» ብሎ ነው። ከዚያ በፊት ግን አንድ ጥያቄ መመለስ አለበት፦ እኔ በሌለሁበት ማን ይቆምልኛል? ቤት ባለቤቱን ይታገሣል። ቧንቧ ቢፈነዳ፣ ተከራይ ኪራይ ቢያዘገይ ጉዳቱ የሚቆጠረው በወር ነው። ካፌ፣ ዳቦ ቤት ወይም የውበት ሳሎን ግን በቀን ሦስት ጊዜ ባለቤት ይፈልጋል፦ ጠዋት ሲከፈት፣ ፈረቃ ሲቀያየርና ሂሳብ ሲረካከቡ፣ ማታ ሲዘጋ። ከታች ያለው ንጽጽር በሙሉ ይህን ልዩነት ይዞ ነው የሚሄደው።

የምናወራው ስለ መሐል ከተማ ነው፤ ከፒያሳና ከአራት ኪሎ እስከ ካዛንቺስ፣ ከለገሃርና ከሜክሲኮ እስከ ቦሌ መንገድ። አያት ወይም ሰሚት ላይ የሚያዋጣ ስሌት እዚህ ላያዋጣ ይችላል። የካሬው ዋጋ ሌላ ነው፣ ተከራዩ ሌላ ነው፣ የኮሪደር ልማቱ፣ ማለትም የከተማው አስተዳደር መንገድ ዳር ያሉ ሰፈሮችን እያነሣ የሚያድስበት ሥራ፣ የሚነካው መጠንም ሌላ ነው።

ማን ሆነው ነው የሚገቡት?

ምርጫው ከኪስዎ በፊት ከፓስፖርትዎ ይጀምራል። ኢትዮጵያዊ ፓስፖርት የያዘ ሰው የትም ቢኖር እንደ ማንኛውም ዜጋ ይገዛል፣ ይነግዳል። ዜግነቱን የቀየረ ትውልደ ኢትዮጵያዊ ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 270/1994 መሠረት የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ፣ ማለትም ቢጫ ካርድ፣ ካወጣ ያለ ቪዛ ይገባል፤ እንደ ሀገር ውስጥ ባለሀብት ይቆጠራል፤ ቤትም በስሙ ይገዛል። ቢጫ ካርድ ሳያወጡ «በወንድሜ ስም ላድርገውና በኋላ እናዛውራለን» ማለት የብዙ ቤተሰብ ጠብ መነሻ ነው። ካርታው ላይ ስሙ የተጻፈው ሰው ነው ባለቤቱ። ያገባ ከሆነ የትዳር ጓደኛው ጥያቄ ያነሣል፤ ቢሞት ወራሾቹ ይመጣሉ፤ ቢበደር አበዳሪው ይመጣል። ወንድምዎ ጻድቅ ቢሆን እንኳ እነዚህን ሰዎች እሱ አያዛቸውም።

ቢጫ ካርድ የማያገኝ የውጭ ዜጋ መንገዱ ጠባብ ነው። በኢንቨስትመንት አዋጅ ቁጥር 1180/2012 ብቻውን ለአንድ ፕሮጀክት ቢያንስ 200,000 ዶላር፣ ከሀገር ውስጥ ባለሀብት ጋር ሲጣመር 150,000 ዶላር ማምጣት ይጠበቅበታል። ስለዚህ አነስተኛ ካፌ በውጭ ዜጋ ስም የሚታሰብ ነገር አይደለም። የመኖሪያ ቤት ባለቤትነትም በ2017 ዓ.ም ማብቂያ በጸደቀው አዋጅ ተከፍቶለታል፤ የዚያም መነሻ 150,000 ዶላር ነው።

ብዙዎች የሚዘሉት ነጥብ እዚህ ጋ አለ። እንደ ሀገር ውስጥ ባለሀብት መቆጠር በሩን ይከፍትልዎታል፤ ትርፍን በውጭ ምንዛሪ መልሶ የማውጣት መብትን ግን የኢንቨስትመንት አዋጁ የሰጠው ለውጭ ባለሀብት ነው። በቢጫ ካርድ የገዙት ቤት ኪራይ ብር ሆኖ ይገባል፤ ብር ሆኖም ይቀመጣል። «በየወሩ ኪራዩን ወደ አሜሪካ አስልካለሁ» ብለው የተነሡ ከሆነ ዕቅዱን አሁኑኑ ይቀይሩ። ኪራዩ እዚህ ለወላጆች መጦሪያ፣ ለእረፍት ወጪ፣ ለሌላ ኢንቨስትመንት ይሆናል ብለው ካሰሉ ግን ያዋጣዎታል።

ገንዘቡም በባንክ ይግባ። በትይዩ ገበያ በሰው እጅ የገባ ገንዘብ ወረቀት የለውም፤ ምንጩን ሲጠየቁ የሚያሳዩት ነገር አይኖርዎትም። ባንኩ ገንዘቡን ተቀብሎ የሚሰጥዎትን ማረጋገጫ ቅጂ ያስቀምጡ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም የውጭ ምንዛሪ ተመኑ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ወጣ። ቤቱን ሳያገኙ ዶላሩን አስቀድመው መንዝረው በብር ያስቀመጡ ሰዎች ብራቸው የሚገዛው ካሬ በቁማቸው ሲቀንስ አይተዋል። የሚገዛው ነገር ተገኝቶ ወረቀቱ እስኪጣራ ድረስ ገንዘቡ በውጭ ምንዛሪ ሂሳብ ይቆይ።

ቤት፦ አራት ዓይነት ነው፣ አንድ ዓይነት አይደለም

«ቤት ገዛሁ» የሚለው ቃል ውስጥ በጣም የሚለያዩ አራት ነገሮች አሉ፦ ያለቀ አፓርታማ፣ ኮንዶሚኒየም፣ በቅድመ ክፍያ የሚሠራ አፓርታማ፣ እና ሕንፃ ውስጥ ያለ የንግድ ሱቅ።

ሩቅ ላለ ሰው የምንመርጠው የመጀመሪያውን ነው፤ ያለቀ፣ ሰው የሚኖርበት፣ ለእያንዳንዱ ቤት ራሱን የቻለ ካርታ የወጣለት አፓርታማ። ብዙ ሕንፃዎች ያለቁ ይመስላሉ፣ ነዋሪም ገብቶባቸዋል፤ ካርታቸው ግን አሁንም በገንቢው ስም ያለ አንድ የእናት ካርታ ነው። የእናት ካርታው ባንክ ተይዞ ከሆነ የገዙት ቤት ለሰው ዕዳ ዋስ ሆኗል ማለት ነው። ሻጩ «ካርታው በሂደት ላይ ነው» ካለ ዋጋው ያንን ስጋት ማሳየት አለበት፤ ወይም ደግሞ መተው ነው።

ወረቀት ማጣራት በዚህ ቅደም ተከተል ይሂድ፦

1. የካርታውን ቅጂ ይዘው ክፍለ ከተማው የይዞታ ምዝገባ ቢሮ ሄደው ካርታው ከማኅደሩ ጋር መመሳሰሉን፣ እንዳልመከነ፣ ዕዳና እግድ እንደሌለበት በጽሑፍ ያረጋግጡ። የቃል መልስ አይበቃም። እግድ ዛሬ ባይኖር ነገ ሊገባ ስለሚችል ውል በሚፈረምበት ሰሞን እንደገና ይጣራል።
2. ይዞታው ሊዝ ከሆነ ቀሪ የሊዝ ክፍያ ስንት እንደሆነና ማን እንደሚከፍል ውሉ ላይ ይጻፍ።
3. የሻጩን የጋብቻ ሁኔታ ይጠይቁ። ያገባ ከሆነ ሁለቱም ይፈርማሉ፤ ካላገባ ያላገባ ማስረጃ ያቀርባል። በውርስ ያገኘው ከሆነ የፍርድ ቤት የወራሽነት ማረጋገጫውን ይዩ፤ ውጭ ሀገር ያለ አንድ ወራሽ ተረስቶ የሚቀርበት ጊዜ አለ።
4. ሻጩ በወኪል የሚሸጥ ከሆነ ውክልናው «መሸጥ» የሚል ቃል በግልጽ መያዙን፣ እንዳልተሻረ፣ ወካዩም በሕይወት መኖሩን ያረጋግጡ።
5. ውሉ በጽሑፍ ሆኖ በሰነዶች ማረጋገጫና ምዝገባ አገልግሎት ፊት ይፈረም። በደላላ ቢሮ የተፈረመች ወረቀት ቀብድ መቀበያ እንጂ የቤት ሽያጭ አይደለችም።

በዚህ ጊዜ አንድ ፈተና ይመጣል። «ግብሩ እንዲቀንስ ውሉ ላይ ዝቅ አድርገን እንጻፍ» ይባላሉ። እሺ አይበሉ። ስም ለማዛወር ወደ 4 በመቶ የሚሆን ክፍያና 2 በመቶ የቴምብር ቀረጥ አለ፤ መሥሪያ ቤቱም የራሱን ግምት ይይዛል፤ ስለዚህ ያሰቡትን ያህል አይቆጥቡም። ውሉ ቢፈርስ በፍርድ ቤት ማስመለስ የሚችሉት ግን የተጻፈውን ብቻ ነው። ነገ እርስዎ ሲሸጡ ደግሞ ከትርፉ ላይ 15 በመቶ የካፒታል ዋጋ ዕድገት ግብር ሲታሰብ የገዙበት ዋጋ ዝቅ ብሎ ስለሚታይ ልዩነቱን እርስዎ ይከፍሉታል።

ቤቱን ሲያዩ ቀትር ላይ ብቻ አይዩት። መሐል ከተማ ውስጥ ውኃ በፈረቃ የሚመጣባቸው ሰፈሮች አሉ፤ ውኃ በማይኖርበት ቀን ማታ አንድ ሰዓት ላይ ሄዶ ላይኛው ፎቅ ላይ ቧንቧ መክፈት ከአስር ጥያቄ ይበልጣል። ጋኑ ስንት ሺህ ሊትር ነው? ፓምፑ መብራት ሲጠፋ በጄኔሬተሩ ይሠራል ወይ? ጄኔሬተሩ ሊፍቱን ያንቀሳቅሳል ወይስ የኮሪደር መብራት ብቻ ነው የሚያበራው? የናፍጣውን ማን ይከፍላል? የመጨረሻው ፎቅ ከሆነ የመኝታ ቤቱን ኮርኒስ ማዕዘን ይዩ፤ አዲስ ቀለም አንድ ቦታ ላይ ብቻ ከተቀባ ክረምት ላይ ይፈሳል ማለት ነው። የመብራት ቆጣሪው የግል መሆኑን፣ በማን ስም እንዳለና ያልተከፈለ ዕዳ እንደሌለበትም ይጠይቁ።

አሁን ሂሳቡ። ለስሌት ያህል ቤቱ 12 ሚሊዮን ብር ነው እንበል፤ የስም ማዛወሪያና የቴምብር 6 በመቶ ሲጨመር 12,720,000 ይሆናል። በወር 60,000 ብር ቢከራይና በዓመት አንድ ወር ባዶ ቢቆይ 660,000 ብር ይገባል። ለጥበቃ፣ ለጽዳትና ለሊፍት የጋራ መዋጮ በወር 5,000፣ በዓመት 60,000 ይሂድ። ለጥገና 50,000፣ ቤቱን ለሚከታተል ሰው የአንድ ወር ኪራይ 60,000 ቢቀነስ 490,000 ይቀራል። ከዋናው ገንዘብ ጋር ሲተያይ 4 በመቶ አይሞላም። የኪራይ ገቢ ግብሩ ደግሞ እንደ ገቢው መጠን ከፍ እያለ እስከ 35 በመቶ ስለሚደርስ እጅ ላይ የሚቀረው ከ3 በመቶ በታች ሊወርድ ይችላል። ባንክ ለቁጠባ ቢያንስ 7 በመቶ ይከፍላል። ታዲያ ሰው ቤት የሚገዛው ለምንድን ነው? ብር ሲወርድ የቤቱ ዋጋ አብሮ ከፍ ስለሚል ነው። ቤት መሐል ከተማ ላይ በዋናነት የገንዘብ ማቆያ ነው፤ ኪራዩ ተጨማሪ ነው። ደላላ «በአምስት ዓመት ዋጋዋን ትመልሳለች» ካለዎት ከላይ ያለውን ስሌት በራስዎ ቁጥር ሠርተው ያሳዩት።

የኪራይ ሕጉን ሳያውቁ አይግቡ። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ከወጣ ወዲህ ውሉ በጽሑፍ ሆኖ በ30 ቀን ውስጥ ይመዘገባል፤ ዘመኑ ከ2 ዓመት አያንስም፤ ቅድሚያ መጠየቅ የሚቻለው ከ2 ወር ኪራይ አይበልጥም፤ ክፍያው በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክ መንገድ ይፈጸማል፤ ጭማሪውም ተቆጣጣሪው አካል በዓመት አንድ ጊዜ ከሚያሳውቀው ጣሪያ አይወጣም። የስድስት ወር ኪራይ አስቀድሞ መቀበል የሚባለው የድሮ ልማድ ቀርቷል። ስለዚህ ትልቁ ውሳኔ የመጀመሪያው ኪራይ ነው። «ለጊዜው ቤቱ እንዳይዘጋ» ብለው ለዘመድ በርካሽ የሰጡት ቤት ቢያንስ ሁለት ዓመት በዚያው ውል ይታሰራል፤ የሚመጣው ጭማሪም የሚሰላው በዚያችው ትንሽ መነሻ ላይ ነው። አንድ ወር ባዶ ቢቆይ ይሻላል።

ኮንዶሚኒየም ርካሽ ነው፣ ተከራይም አያጣም፤ ልደታና ጎተራ ለሥራ ቅርብ ስለሆኑ ባለ አንድ መኝታ ቤት ሳይቆይ ይያዛል። ችግሩ በዕጣ የተገኘ ቤት ለ5 ዓመት እንዳይሸጥ ገደብ ያለበት መሆኑ ነው። ገደቡ ሳያልቅ የሚሸጡ ሰዎች ገዢውን በውክልናና በኑዛዜ ያሳምኑታል። ውክልና ግን ወካዩ ሲሞት ይቀራል፤ ኑዛዜም ተናዛዡ በፈለገ ጊዜ ይሽረዋል። ሁለቱም ወረቀቶች ባለቤት አያደርጉዎትም። ገደቡ ያለፈና የባንክ ዕዳው የተዘጋ ከሆነ ብቻ ይግዙ።

በቅድመ ክፍያ መግዛት ዋጋው ያማልላል። ሩቅ ላለ ሰው ግን ከሁሉ የሚከብደው ይኸው ነው፤ ግንባታውን በዓይንዎ አያዩም፣ ሲዘገይ ቢሮ ሄደው አይጠይቁም። የግድ ከሆነ ክፍያው ከቀን ጋር ሳይሆን ከግንባታው ደረጃ ጋር ይታሰር፦ መሠረት ሲወጣ፣ ስትራክቸር ሲያልቅ፣ ግድግዳ ሲሞላ፣ ርክክብ ሲሆን። መሬቱ በኩባንያው ስም መሆኑን፣ የግንባታ ፈቃዱ የተፈቀደለት ወለል ብዛት ከሚሸጥልዎት ፎቅ ጋር መግጠሙን ይዩ፤ 9 ፎቅ ተፈቅዶ 11ኛ ፎቅ ላይ ቤት የሚሸጥ ከሆነ ያ ቤት አየር ላይ ነው። ውሉ ላይ «የዋጋ ማስተካከያ» የሚል አንቀጽ ካለ ጣሪያ ይኑረው። «ሴሚ ፊኒሽድ» ማለት በር፣ ኪችን ካቢኔት፣ ወለል፣ የመታጠቢያ ዕቃ የእርስዎ ነው ማለት መሆኑን አይርሱ።

የንግድ ሱቅ በኪራይ ቁጥጥሩ አዋጅ ውስጥ አይገባም፤ ስለዚህ ዋጋው በስምምነት ነው፤ በኪራዩ ላይ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ ይታሰባል። ምድር ላይ ያለ ሱቅ ጥሩ ነው። ከሁለተኛ ፎቅ በላይ ያለው ግን ሊፍቱ በቆመ ቁጥር ገበያው አብሮ ይቆማል፤ ብዙ ሕንፃዎች ላይ ተዘግተው የሚታዩት እነዚህ ናቸው።

ንግድ፦ ሩቅ ሆነው ሲይዙት የት ይፈሳል?

ንግድ ከቤት በብዙ እጥፍ ሊያተርፍ ይችላል፤ ለመነሻም የቤት ዋጋ አይፈልግም። በአዲሱ የንግድ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 1243/2013፣ ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር በ15,000 ብር ካፒታል ይቋቋማል፤ አንድ ሰው ብቻውን የሚያቋቁመውም ተፈቅዷል። ውጭ ለሚኖር ሰው በግል ስም ከመነገድ ማኅበር ማቋቋም ይሻላል፤ ንግዱ ቢወድቅ ዕዳው ቤትዎን እና ሌላ ንብረትዎን አይከተልም።

መንገዱ ይህን ይመስላል፦ የንግድ ስም ማጣራት፣ የመመሥረቻ ጽሑፍ ማስመዝገብ፣ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር፣ የቤት ኪራይ ውል ማረጋገጥ፣ ንግድ ምዝገባ፣ ምግብና መጠጥ ከሆነ የብቃት ማረጋገጫ፣ ንግድ ፈቃድ፣ ከዚያ የሽያጭ መመዝገቢያ ማሽን። ብዙ ጊዜ የሚቆመው የኪራይ ውሉ ላይ ነው፤ አከራዩ ካርታው ያልታደሰ ወይም ግብር ያልከፈለ ከሆነ ውሉን ማረጋገጥ አይቻልም። ስለዚህ ቀብድ ከመክፈል በፊት የአከራዩን ካርታና የግብር ክሊራንስ (የግብር ዕዳ እንደሌለበት የሚያሳይ ማስረጃ) ይጠይቁ። ንግድ ፈቃድ በየዓመቱ ከሐምሌ 1 እስከ ታኅሣሥ 30 ይታደሳል፤ ያ ቀን ሲያልፍ ቅጣት ይመጣል። ይህን ቀን ራስዎ መዝግበው ይያዙ፤ ለማንም አይተዉት።

ቦታ ስንመርጥ መሐል ከተማው ላይ ሁለት ወጥመድ አለ። አንደኛው «ቁልፍ» ነው። መርካቶና ፒያሳ አካባቢ የቀበሌ ወይም የመንግሥት ሱቅ ውስጥ ያለ ነጋዴ በብዙ መቶ ሺህ ወይም በሚሊዮን ብር «ቁልፉን» ይሸጥልዎታል። የሚገዙት ግን ቤት አይደለም፤ ውሉ ከመንግሥት ጋር ያለው የእሱ ነው፣ ለሌላ የማስተላለፍ መብትም የለውም። ቤቱ ሲፈለግ የከፈሉትን የሚመልስ ማንም የለም። ሁለተኛው የኮሪደር ልማቱ ነው። በ2016 ፒያሳ፣ በ2017 መጀመሪያ ካዛንቺስ ላይ ስንት የቆየ ንግድ እንደተነሣ ያየ ሰው ይህን አይዘነጋም። የይዞታና የሕንፃ ካሣ የሚከፈለው ለባለይዞታው ነው፤ ተከራዩ ለጂፕሰም፣ ለሴራሚክና ለመስታወት ያወጣው ገንዘብ እዚያው ይቀራል። ከመከራየትዎ በፊት ወረዳው ጋ ሄደው የቦታውን ፕላን ይጠይቁ። ውሉ 3 ወይም 5 ዓመት ይሁን፤ ዓመታዊ ጭማሪው በመቶኛ ይጻፍ፤ ቦታው በልማት ቢነሣ ቀሪው ቅድመ ክፍያ ይመለሳል የሚል አንቀጽ ይግባበት።

ቁጥጥሩን በአንድ ካፌ እናሳይ፤ ብዙ ሰው የሚመኘው እሱን ስለሆነ። ለአንድ ደብል ከ16 እስከ 18 ግራም የተፈጨ ቡና ይገባል፤ ከዚያ ሁለት ነጠላ ስኒ ይወጣል። ስለዚህ አንድ ኪሎ ቡና፣ መፍጫው ላይ የሚባክነውንና ጠዋት መፍጫውን ለማስተካከል የሚደፋውን ጨምሮ፣ ወደ 110 ስኒ መስጠት አለበት። አንድ ሊትር ወተት ለማኪያቶ ከ12 እስከ 15 ስኒ ይሆናል። ቅዳሜ 3 ኪሎ ቡና ከመጋዘን ወጥቶ በማሽኑ ደረሰኝ የታየው 210 ስኒ ከሆነ፣ 120 ስኒ የሚሆን ቡና የት ገባ? ወይ ያለ ደረሰኝ ተሸጧል፣ ወይ ባሪስታው (ቡና የሚያፈላው ሠራተኛ) ከመጠን በላይ ይጭናል፣ ወይ ቡናው በጓሮ ወጥቷል። ከውጭ ሆነው የሚጠይቁት ይህን ነው፤ «ሽያጭ እንዴት ነው?» የሚል ጥያቄ «ደኅና ነው፣ ገበያ ቀዝቅዟል እንጂ» ከማለት ሌላ መልስ አያመጣም። በየማታው ሦስት ፎቶ ይላክልዎ፦ የማሽኑ የቀን መዝጊያ ደረሰኝ፣ የመጋዘን ወጪ ወረቀት፣ የባንክ ገቢ ወረቀት። ሦስቱን በሳምንት አንድ ጊዜ ማስተያየት አንድ ሰዓት አይፈጅም።

ሌላ የሚፈስበት ቀዳዳ ደንበኛው በስልክ ሲከፍል ነው። ጠረጴዛው ላይ የተለጠፈው የቴሌብር ወይም የባንክ ቁጥር የማኅበሩ መሆን አለበት። አስተናጋጅ የራሱን ቁጥር እየነገረ የሚቀበልበት ቤት ብዙ ነው፤ ደንበኛም አይጠይቅም። ዘመድ ወይም ወዳጅ አንዳንዴ እንደ ደንበኛ ገብቶ ቡና ጠጥቶ ይክፈል፤ ክፍያው በየትኛው ስም እንደገባ ስልኩ ላይ ያያል።

ማሽን ሲገዙ ከዋጋው በፊት መብራቱን ይዩ። ባለ ሁለት ግሩፕ የቡና ማሽን፣ ምድጃና ፍሪጅ አንድ ላይ ሲሠሩ ነጠላ ፌዝ ቆጣሪ ይዘጋል፤ ባለ ሦስት ፌዝ ቆጣሪ ለማስገባት ደግሞ ወራት ሊፈጅ ይችላል። ዳቦ ቤት ከሆነ ያለ ሦስት ፌዝ አይታሰብም። ስታቢላይዘር የሌለው ማሽን ቦርዱ ይቃጠላል። የውኃ ማለስለሻ ማጣሪያ ያልገባለት ቦይለር ውኃው በሚተወው ኖራ (ካልክ) ይዘጋል፤ መለዋወጫው ከውጭ እስኪመጣ ካፌው ያለ ቡና ይቀመጣል።

ሠራተኛ በጽሑፍ ውል ይቀጠር። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሙከራ ጊዜ 60 የሥራ ቀን ነው፤ ከዚያ በኋላ ያለ ሕጋዊ ምክንያት ማሰናበት ካሣ ያስከትላል። የጡረታ መዋጮ ከአሠሪ 11 በመቶ፣ ከሠራተኛ 7 በመቶ ነው። ይህ ሁለት ዓመት ሳይከፈል ቆይቶ ከነቅጣቱ ሲመጣ አትራፊ የነበረውን ካፌ ባዶ ያደርጋል፤ በተለይ ሥራ አስኪያጁ «እየከፈልኩ ነው» እያለ ሳይከፍል ሲቀር።

ብቻዎን ከመክፈት ይልቅ ሥራውን የሚያውቅ ሰው ያለበት ንግድ ውስጥ ድርሻ መግዛት ለሩቅ ሰው የተሻለ ነው ብለን እናምናለን። እዚህ ጋ የሚጠየቀው የሽያጭ ደብተር አይደለም፤ የ3 ዓመት የግብር ማስታወቂያና ክሊራንስ ነው። የማኅበሩን ድርሻ ሲገዙ የድሮ የግብር ዕዳውም አብሮ ይመጣል፤ ዕዳው ካልታወቀ አዲስ ማኅበር አቋቁሞ ዕቃውን ብቻ መግዛት ይሻላል። ገንዘብዎ ድርሻ ይሁን ወይ ብድር ከመጀመሪያው ይለይ። ባንክ ሂሳቡ በሁለት ፊርማ ይንቀሳቀስ። አጋሩ ከሥራው ደመወዝ ይከፈለው፤ ትርፍ ሲከፋፈል ብቻ የሚበላ አጋር ትርፍ ባልታየበት ወር ከካዝናው ይበላል፣ ሰውም ስለሆነ አይፈረድበትም። የአጎት ልጅ ቢሆንም ውሉ ይጻፍ፤ ዝምድናን ከጠብ የሚያድነው ይኸው ነው።

እንግዲህ ለማን የቱ?

በሁለት ዓመት አንዴ የሚመጣና እዚህ የሚያምነው ሰው ገንዘብ አያያዝ የማያውቅ ከሆነ፣ ራሱን የቻለ ካርታ ያለው ያለቀ አፓርታማ ይግዛ። ባለ ሁለት መኝታ ቤት ካዛንቺስ ወይም ቦሌ አካባቢ ቢሆን ተከራይ አያጣም፤ የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን፣ የኤምባሲዎችና የድርጅት ሠራተኞች ይፈልጉታል። ቤት ለመግዛት ገንዘቡ ያልሞላለት ሰው ተበድሮና ተጣቦ ቅድመ ክፍያ ላይ ከሚገባ፣ እህቱ ወይም ወዳጁ ለዓመታት በሠራችበት ንግድ ውስጥ 30 ወይም 40 በመቶ ድርሻ ይያዝ።

በሦስት ዓመት ውስጥ ጠቅልሎ ሊገባ ያሰበ ሰው ንግዱን አሁን አይክፈት። መጀመሪያ መጥቶ ስድስት ወር ይቀመጥ፣ ተከራይቶ ይኑር፣ ሰፈሩን በክረምትና በበጋ ይይ። በእነዚያ ወራት የሚያየው ነገር ከማንኛውም የአዋጭነት ጥናት ይበልጣል። አምስት ዓመት ሳይሞላ ገንዘቡን ዶላር አድርጎ መልሶ የሚፈልግ ሰው ደግሞ ሁለቱም አይሆኑትም፤ ይህን በግልጽ መናገር ይሻላል። የቱንም ቢመርጡ ከጠቅላላው ገንዘብ የስድስት ወር ወጪ የሚሸፍን ሳይነካ ይቀመጥ። በመጀመሪያው ዓመት የሚዘጉ ንግዶች ብዙውን ጊዜ ገንዘባቸውን በሙሉ በጌጥና በዕቃ ላይ ጨርሰው የተከፈቱ ናቸው።

ውክልናው

ሁሉም ነገር የሚቋጨው በአንዲት ወረቀት ላይ ነው። ውክልና ባሉበት ሀገር በኢትዮጵያ ኤምባሲ ወይም ቆንስላ ይሰጣል፤ እዚህ ሲደርስ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ከዚያም በሰነዶች ማረጋገጫና ምዝገባ አገልግሎት ይረጋገጣል። ጠቅላላ ውክልና በሕጉ የሚፈቅደው የአስተዳደር ሥራ ብቻ ነው፦ ማከራየት፣ ኪራይ መሰብሰብ፣ ግብር መክፈል። ለመሸጥ፣ ለመለወጥ፣ በዋስትና ለማስያዝ ልዩ ውክልና ያስፈልጋል። ስለዚህ ተዘጋጅቶ የሚሰጥዎትን ቅጽ ሳያነቡ አይፈርሙ፤ ብዙዎቹ ቅጾች ላይ «ለመሸጥ፣ ለመለወጥ፣ ለማስያዝ» የሚሉት ቃላት አብረው ይገኛሉ። የማያስፈልገውን ያስሰርዙ። ቤት የሚያስተዳድር ወኪል «መሸጥና ማስያዝ አይችልም» ተብሎ በግልጽ ቢጻፍበት አይቀየምም፤ የሚቀየም ከሆነ ቀድሞ ማወቅዎ ጥሩ ነው።

ኪራይ መግባቱን የሚከታተለውና ውል የሚፈርመው ሰው ይለያዩ። ኪራዩ በቀጥታ በእርስዎ ስም ወደተከፈተ ሂሳብ ይግባ፤ ወኪሉ ለጥገና የሚያወጣው የወር ጣሪያ ይኑረው፤ ከዚያ በላይ ሲሆን ፎቶና ዋጋ ማቅረቢያ ልኮ ይጠይቅ። ውክልናውን ሲሽሩ ደግሞ ለወኪሉ ደውሎ መናገር አይበቃም። መሻሪያው ልክ እንደ ውክልናው በኤምባሲ ተፈርሞ ይላክ፤ ለሰነዶች ማረጋገጫ፣ ለባንኩ፣ ለክፍለ ከተማው ይዞታ ቢሮ እና ለተከራዩ በጽሑፍ ይድረስ፤ የተቀበሉበትን ማኅተም ያለበት ቅጂ ያስመልሱ። መሻሩን ያላወቀ ተከራይ ለድሮው ወኪል የከፈለውን ኪራይ ሁለተኛ እንዲከፍል ማድረግ አይቻልም።